ፒክስል 3ኤ ላይ ላይኔጅ ጭኜ አፕ መሥራት ፈልጌ ነበር፤ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» አልነካ አለኝ

ሐዋሳዊቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሳምንት ብቻዬን ስታገል ከረምኩ። ዛሬ ደከመኝና ልጠይቃችሁ መጣሁ።

እናቴ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ናት። አባላቱ 83 ናቸው። ሁሉም ነገር ያለው አንድ ትልቅ መዝገብ ላይ ነው። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ማን ቅጣት አለበት፣ ድንኳኑና ወንበሩ ማን ቤት ነው። ባለፈው ክረምት ጣሪያችን አፈሰሰና የመዝገቡ ሦስት ገጽ ራሰ። እናቴ ገጾቹን አንድ በአንድ ምጣድ አጠገብ ስታደርቅ አመሸች። ቀለሙ ግን ፈሶ ነበር። የአምስት ሰው ክፍያ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ይህን አፕ የምሠራው ለዚያ ነው።

ኮትሊን የሚባለውን የአንድሮይድ አፕ መጻፊያ ቋንቋ እየተማርኩ ነው። አፕ መሥሪያው ፕሮግራም፣ አንድሮይድ ስቱዲዮ፣ ላፕቶፔ ላይ ይከፈታል፤ ራሙ 8 ጊጋ ነው። ኢሙሌተሩን (ላፕቶፕ ላይ እንደ ስልክ የሚሠራውን መሞከሪያ) ስጨምርበት ግን አለቀ። ማራገቢያው ይጮሃል፣ ማውሱ ይደርቃል፣ አንዲት በተን ነክቼ ውጤቷን እስካይ ቡና ይፈላል። በእውነተኛ ስልክ መሞከር አለብኝ። የራሴን ስልክ ደግሞ መንካት አልፈልግም። ባንኬም ቴሌብሬም እሱ ላይ ነው።

አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ድሮ ትጠቀምበት የነበረውን ፒክስል 3ኤ ሰጠችኝ። ደህና ስልክ ነው፤ ባትሪውም ይቆያል። አንድሮይድ 12 ላይ ግን ቆሟል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። አንዱ ጓደኛዬ «ላይኔጅ ኦኤስ ጫኚበት፣ አዲስ አንድሮይድ ታገኛለሽ» አለኝ፤ ላይኔጅ በበጎ ፈቃደኞች ከአንድሮይድ የተሠራ የስልክ ሲስተም ነው። ሌላው «አንድሮይዱን ተይውና ኡቡንቱ ተች ጫኚ» ይለኛል፤ እሱ ደግሞ አንድሮይድ ያልሆነ ሌላ የስልክ ሲስተም ነው።

ስልኩን ፎርማት አደረግሁት። ፓኬጄ እንዳያልቅ ብዬ ዋይፋይም ዳታም ሳላገናኝ ከፈትኩት። «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ነካሁና ዴቨሎፐር ኦፕሽን መጣልኝ። ሌላ ሲስተም ለመጫን መብራት ያለበት «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የሚለው ማብሪያ ግን ግራጫ ሆኖ ተኝቷል። ብነካው ብነካው አይሰማም።

ስልኩ የተበላሸ ነው? ለእኔ ሥራስ የቱ ይሻላል፣ ላይኔጅ ወይስ ኡቡንቱ ተች? ስልኩን የመግደል ዕድሌስ ምን ያህል ነው? አክስቴ በስጦታ የሰጠችኝን ዕቃ ገደልኩት ብዬ መንገር አልችልም።

የሜሪላንዱ

እህቴ፣ ከሁሉም በፊት አክስትሽን አንድ ነገር ጠይቂያት። ስልኩን ከየት ነው የገዛችው? ከኔትወርክ ኩባንያ በየወሩ እየከፈለች ነው ወይስ ከሱቅ በሙሉ ዋጋ?

እዚህ አገር ብዙ ሰው ስልክ የሚወስደው ከኔትወርክ ኩባንያው ነው። እኔ ለወንድሜ ሁለት ፒክስል ሰው አስይዤ ልኬለት ነበር። ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፤ ሳጥናቸውም አንድ ነው። አንደኛው ግን ከኩባንያ የተገዛ ነበር። ዕዳውን ጨርሼ ከፍያለሁ። ሲሙም ተከፍቶ የኢትዮጵያ ሲም ይሠራበታል። ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳውና ሌላ ሲስተም ለመጫን መከፈት ያለበት ክፍል) ግን እስከ ዛሬ አልተከፈተም፣ አይከፈትምም። የሲም መከፈትና የቡትሎደር መከፈት ሁለት ለየቅል ነገሮች ናቸው። ወንድሜ ይህን ሳያውቅ ሳምንት ሙሉ ፓኬጅ እየገዛ ፋይል ሲያወርድ ከረመ። የላክሁት እኔ ነኝና እስከ አሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ዘመድ «ስልክ ልላክልሽ ወይ?» ሲላችሁ «አንሎክድ ተብሎ ከሱቅ የተሸጠ ይሁን» በሉ። ሳምሰንግ ከሆነ ደግሞ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ጋላክሲዎች አብዛኞቹ ቡትሎደራቸው አይከፈትም። ለዚህ ሥራ አትድከሙባቸው።

ጥገና ቤት

እህቴ ሐዋሳዊቷ፣ እኔ መገናኛ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። 11 ዓመት ሆኖኛል። ማታ ማታ ደግሞ አፕ እሠራለሁ። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ምክንያቱም እዚህ ነገር ላይ ሰው ሲቃጠል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ስልክሽ የተበላሸ አይመስለኝም። «ዋይፋይም ዳታም ሳላገናኝ ከፈትኩት» ያልሽው ላይ ዓይኔ አረፈ። ፒክስል ፎርማት ከተደረገ በኋላ ያንን ማብሪያ የሚለቀው ኢንተርኔት አግኝቶ የኩባንያ ስልክ አለመሆኑን ካረጋገጠ ብቻ ነው። ኔት ካላገኘ ግራጫ አድርጎ ይተወዋል። ዋይፋይ አገናኚው። ጥቂት ደቂቃ ስጪው። ሴቲንጉን ዘግተሽ መልሰሽ ክፈቺ። ያኔም ካልበራ ወንድማችን የሜሪላንዱ ያለው ነገር ነው ማለት ነው። ይህን ሳታረጋግጪ አንድ ሜጋባይት እንኳ እንዳታወርጂ። የላይኔጅ ፋይል ብቻውን ወደ አንድ ጊጋ ይጠጋል።

ባይበራስ? ስልኩን እንዳትጥይው። አፕ ለመሥራት ቡትሎደር መክፈት ግዴታ አይደለም። ዩኤስቢ ዲበጊንግን (ላፕቶፑ ስልኩ ላይ አፕ እንዲጭን የሚፈቅደውን) አብርተሽ፣ ከላፕቶፕሽ ጋር አገናኝተሽ፣ አንድሮይድ 12 ላይ እንዳለ መሞከር ትችያለሽ። የኢሙሌተሩ ጣጣ በዚያው ያልቅልሻል። አብዛኛው ሥራሽ በዚህ ይሄዳል።

ታዲያ ላይኔጅ ለምን? እኔ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ቀላል ነው። 3ኤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፣ ጉግልም ተሰናብቶታል። ላይኔጅ 22 ግን አንድሮይድ 15ን ይሰጥሻል። የፈቃድ አጠያየቁ፣ የማሳወቂያው ነገር፣ የፋይል አከፋፈቱ በየእትሙ ይለዋወጣል። ባለ 12 ስልክ ላይ ደህና የሠራ አፕ ባለ 15 ላይ ዝም ብሎ ሊወድቅ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ትልቁ ነው። ላይኔጅ ሲጫን ጉግል አብሮት አይመጣም። ከፈለግሽ ለብቻው ትጨምሪያለሽ። እኔ ግን እንዳትጨምሪ እመክርሻለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

እንጀራ ለሱቆች ለምታከፋፍል አንዲት እናት አፕ ሠርቼ ነበር። ሱቅ ያዛል፣ ማሳወቂያ ለአመላላሹ ልጅ ይደርሰዋል። እኔ ስልክ ላይ ሰከንድ አይፈጅም። እሷም ጋ ይሠራል። ልጁ ጋ ግን ምንም የለም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ትእዛዝ ይጠብቃል፣ ስልኩ ዝም። ሁለት ቀን እንጀራ ተርፎ ተመለሰ። ሦስት ቀን ኮዴን ስፈትሽ ዋልኩ። ስህተት የለም። መጨረሻ ላይ ልጁን «ስልክህን ስጠኝ» አልኩት። እ.ኤ.አ. ከ2019 በኋላ የወጣ ሁዋዌ ነው፤ የጉግል አገልግሎት የለበትም። እኔ ማሳወቂያውን የሠራሁት በጉግሉ ፋየርቤዝ ነበር። ፋየርቤዝ ደግሞ መልእክቱን ስልኩ ላይ የሚያደርሰው በጉግል አገልግሎት በኩል ነው። እሱ ከሌለ መንገዱ የለም።

ማታ አሮጌ ስልክ ላይ ላይኔጅ ብቻውን ጫንኩ፣ አፔን ከፈትኩ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ያ ሦስት ቀን የፈጀብኝ ነገር ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጉግል የሌለበት ስልክ ሁልጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። አፕሽ በምን ላይ እንደተደገፈ የሚያሳይሽ ድጋፉ ሲነሳ ነው። ካርታው፣ ቦታ ማወቂያው፣ ማሳወቂያው፣ በጉግል መግቢያው። የእድር አባላት ደግሞ የሚይዙት ስልክ ዓይነቱ ብዙ ነው። የአንዱ ከዱባይ የመጣ ነው፣ የአንዱ ከመርካቶ፣ የአንዱ ከልጁ የወረሰው ነው።

አሁን ወደ ጭነቱ። የላይኔጅ ድረ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ስልክ ለብቻው መመሪያ አለ። የ3ኤ መጠሪያው «ሳርጎ» ነው። «ቦኒቶ» የሚለው ትልቁ 3ኤ ኤክስኤል ነው፤ እንዳትሳሳቺ። ገጹን ከላይ እስከ ታች ሁለቴ አንብቢው። ቪዲዮ እያየሽ አትጫኚ፤ ቪዲዮው የተሠራው ለሌላ እትም ሊሆን ይችላል። ዋናውን መንገድ ላሳይሽ። በፋስትቡት (ስልኩ ሲስተሙ ሳይነሳ ከላፕቶፕ ትእዛዝ በሚቀበልበት ሁኔታ) «ፍላሺንግ አንሎክ» የሚለውን ትእዛዝ ትሰጪያለሽ። ስልኩ ይጠይቅሻል፤ በድምፅ ቁልፉ መርጠሽ በማብሪያው ታጸድቂያለሽ። ቀጥሎ የላይኔጅን ሪከቨሪ (ትንሹን የመጫኛ ሲስተም) ታስገቢያለሽ። በሪከቨሪው ፎርማት አድርገሽ ዋናውን ፋይል በኤዲቢ ሳይድሎድ፣ ማለትም ከላፕቶፕ በኬብል፣ ትልኪያለሽ። ሲያልቅ ሪስታርት። ጉግል የምትጨምሪ ቢሆን ከዚያ ከመጀመሪያው ሪስታርት በፊት መሆን አለበት፣ በኋላ አይሆንም።

ቡትሎደሩ የተከፈተ ጊዜ ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይህን በደማቁ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ አንድ ሰው ስልኩን አምጥቶ «አዲስ አድርግልኝ» አለኝ። ከፈትኩት። ሲመጣ «የአባቴ ፎቶስ?» አለኝ። አባቱ ካረፉ ስምንት ወር ነበር። ፎቷቸው ያለው እዚያ ስልክ ላይ ብቻ ነበር። እኔም ሳልጠይቀው ነው የከፈትኩት። ሰውየው አልተቆጣኝም፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ዝም አለ። አሁን ማንንም ሦስት ጊዜ ሳልጠይቅ አልነካም። አንቺ ፎርማት አድርጌዋለሁ ብለሻል። አክስትሽ ግን ፎቶዋን ሁሉ እንደወሰደች ደውለሽ አረጋግጪ። ገና ፎርማት የሚደረግ ስልክ ያላችሁም ሌሎቻችሁ እንዲሁ።

ኬብል። መንገድ ላይ የሚሸጡት ብዙዎቹ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርጉት፣ ዳታ አያሳልፉም። ስልኩን ከላፕቶፕ ጋር ስታገናኚ ቻርጅ እያደረገ «ኤዲቢ ዲቫይስስ» የሚለው ትእዛዝ ባዶ ዝርዝር ካወጣ ስልኩን ከመጠርጠርሽ በፊት ኬብሉን ቀይሪ። ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ ፋስትቡት ውስጥ ሲገባ ስልኩን ላያውቀው ይችላል። ያኔ የጉግልን የዩኤስቢ ድራይቨር መጫን ነው።

መብራት። ላፕቶፕሽ ባትሪው ከሞተ መብራት በሚሄድበት ሰዓት አትጀምሪ። እኔ አንዴ ሳይድሎድ መሀል ላይ መብራት ሄደብኝ። ስልኩ ጥቁር ሆነ። ልቤ ቆመ። መብራት ሲመጣ ግን የድምፅ መቀነሻውንና ማብሪያውን አንድ ላይ ይዤ ስቆይ ፋስትቡት መጣ። ከመጀመሪያው ደገምኩት፣ ዳነ። ፋስትቡት እስከመጣ ድረስ ስልኩ አልሞተም። ስለመግደል ለጠየቅሽው መልሴ ይህ ነው። የሌላ ስልክ ፋይል ካላስገባሽበትና ቡትሎደሩን ራሱን ካልነካካሽ በቀላሉ አይሞትም።

የራስሽን ስልክ አለመንካትሽ ደግሞ በጣም ልክ ነው። ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ ላይ አንዳንድ የባንክ አፖች አንከፍትም ይላሉ።

ጣናዳር

ጥገና ቤት የጻፈውን ሁሉ እቀበላለሁ። ስለ ኡቡንቱ ተች ግን አንድ ሰው መናገር አለበት፤ እኔ ባሕር ዳር ሆኜ እዚሁ 3ኤ ላይ ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ።

ኡቡንቱ ተችን የጀመረው ካኖኒካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተወው። በጎ ፈቃደኞች አነሱትና ዩቢፖርትስ በሚል ስም እስከ ዛሬ ይዘውት አሉ። እኔ ስጭነው መጀመሪያ ስልኩን ወደ አንድሮይድ 9 መመለስ ነበረብኝ። ይህን የዘለለ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው። ከዚያ በኋላ ያለውን የዩቢፖርትስ ኢንስቶለር ራሱ ይሠራዋል፤ በተን መንካት ነው።

አፕ የሚሠራው ክሊከብል በሚባል መሣሪያ ነው። አንድ ትእዛዝ ጽፈሽ ባዶ አፕ ይፈጥርልሻል፣ ሌላ ትእዛዝ ጽፈሽ ላፕቶፕሽ ላይ ይከፍትልሻል፣ ሌላ ደግሞ ስልኩ ላይ ይጭነዋል። ገጹ ኪውኤምኤል በሚባል ቋንቋ ይጻፋል። ለዓይን ቀላል ነው፤ 40 መስመር ሳይሞላ የሚታይ ነገር ታገኛለሽ። ክሊከብል ግን ዶከር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋል፣ የመጀመሪያው ማውረድ ከበድ ያለ ነው። እኔ ሌሊት ነው ያወረድኩት።

የምወድለት ነገር አለ። ስልኩ ላይ ተርሚናል ከፍቼ እገባለሁ። አፔ የትኛውን ፎልደር ማየት እንደተፈቀደለት፣ የትኛው እንደተከለከለ በአንዲት አጭር ፋይል ላይ አነበዋለሁ። አንድሮይድ ላይ ሦስት ዓመት ሠርቼ ያልገባኝ ነገር እዚያ ገባኝ። ስልክ ማለት ትንሽ ኮምፒውተር መሆኑን በእጄ ነካሁት።

ጥገና ቤት

ወንድሜ ጣናዳር፣ ይህን ስላመጣኸው ደስ ብሎኛል። ለመማር ከሆነ እኔም ኡቡንቱ ተችን ለማንም እመክራለሁ።

የሐዋሳዊቷ ጉዳይ ግን መዝገቡ ነው። እናቷ የሚይዙት ስልክ አንድሮይድ ነው። የእድሩ ጸሐፊም፣ ሊቀመንበሩም እንደዚያው። ኡቡንቱ ተች ላይ የጻፈችው አፕ እነሱ እጅ አይገባም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይኔጅ። አፑ ሠርቶ፣ እናቷ አንድ ወር መዝግበውበት፣ ልቧ ሲያርፍ ያኔ ስልኩን ወስዳ ኡቡንቱ ተች ትሞክርበት።

ሐዋሳዊቷ

በራ!!! ዋይፋይ አገናኝቼ ቡና ልቀዳ ሄድኩ። ስመለስ ግራጫው ጠፍቷል። አክስቴንም ደወልኩላት። ከሱቅ ነው የገዛችው፣ በሙሉ ዋጋ። ፎቶዋም ሁሉ አላት። ጥገና ቤት ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሐዋሳዊቷ

እባካችሁ ያለ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ። ቡትሎደሩ ተከፈተ፣ ሪከቨሪውም ገባ፣ ሳይድሎድ ጀመርኩ። ደህና ሲሄድ ሲሄድ 47 በመቶ ላይ ቆመ። ላፕቶፑ ላይ «ፌይልድ» የሚል ጽሑፍ አለ። ኬብሉን አልነካሁም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ምን ላድርግ? ልንቀለው?

ጥገና ቤት

አትንቀዪ! ይህን ሳልነግርሽ መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ። 47 ላይ መቆም የተለመደ ነው። ላፕቶፑ የጻፈውን እስከ መጨረሻው አንብቢው። «ፌይልድ ቱ ሪድ ኮማንድ» ካለ በኋላ «ሰክሰስ» የሚል ቃል አለ? ካለ ተጭኗል። የላይኔጅ መመሪያም ላይ ተጽፏል። አሁን የላፕቶፑን ትተሽ የስልኩን ስክሪን እዪ። ስህተት ካልጻፈ ወደ ኋላ ተመለሺና ሪስታርት አድርጊ። የመጀመሪያው አነሳሱ ይቆያል፣ አትደንግጪ። ሲነሳ «ቡትሎደሩ ተከፍቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሁልጊዜ ይመጣል፤ እሱም ምንም አይደለም።

ሐዋሳዊቷ

«ሰክሰስ» ይላል። ተነሳ። የላይኔጁ ክብ እየዞረ እያለ እናቴ ወጥ ቤት ሆና «ምነው ዝም አልሽ?» ትለኛለች፤ መልስ መስጠት አልቻልኩም።

ሐዋሳዊቷ

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ኢሙሌተሩን ከናካቴው ረሳሁት። ኮዱን ለውጬ ስልኩ ላይ እስካየው ሰከንዶች ናቸው። ኬብሌ ታይፕ ሲው ጋ ላልቶ ይነቃቀል ስለነበር አሁን በዋይፋይ ነው የምሠራው። ዋየርለስ ዲበጊንግ ላይ ኮዱን አንዴ አስገባሁ፣ በቃ።

ጉግል አልጨመርኩም። ጥገና ቤት እንዳለው ሆነ። የመጀመሪያው ቀን ላይ «በጉግል ግባ» የሚለው ገጼ ክራሽ አደረገ። ለካ 83 እናትና አባት ኢሜይል የላቸውም! ገጹን ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። አሁን በስልክ ቁጥርና በአራት አሃዝ ነው። ማስታወሻውንም በኤስኤምኤስ ላድርገው ብያለሁ።

ሁለት ነገር ግን አስቸግሮኛል። ቀኑን የማገኘው አንድሮይድ ራሱ ላይ ካለው የኢትዮጵያ ካሌንደር ነው። 12ኛውን ወር ስጠይቀው ነሐሴን ስጠብቅ ጳጉሜን ያመጣል።

ሁለተኛው እናቴ ያገኘችው ነው። ትናንት ስልኩን ሰጠኋትና «እስቲ የኃይለማርያምን ክፍያ ፈልጊ» አልኳት። በ«ሀ» ጻፈች። ምንም አልመጣም። መዝገቡ ላይ በ«ኃ» ነው ያስገባሁት። «እኒህ ሰውዬ ከእድሩ ወጡ እንዴ?» አለችኝ።

ጥገና ቤት

ደስ ብሎኛል እህቴ። እናትሽ ጎበዝ ሞካሪ ናቸው።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ያ ካሌንደር ወርን መቁጠር የሚጀምረው ከ0 ነው። መስከረም 0፣ ነሐሴ 11፣ ጳጉሜን 12። ስታሳዪ አንድ ደምሪ፣ ስትጠይቂ አንድ ቀንሺ። ጳጉሜን 6 የሆነችበትን ዓመትም ሞክሪ። የስልኩን ቀን ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 አስቀድሚው፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 መሆን አለበት፣ ማግስቱ መስከረም 1። ቀኑ ወደፊት ሲሄድ ድረ ገጾች አንከፈትም ሊሉሽ ይችላሉ፤ የደኅንነት ሰርተፊኬታቸው ጊዜው ያለፈበት ለስልኩ ስለሚመስለው ነው። ሞክረሽ ስትጨርሺ መልሺው።

ኤስኤምኤሱ ላይ ተጠንቀቂ። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ለሁለት ይከፈልና የሁለት ያስከፍልሻል። «የተከበሩ የእድራችን አባል» ብለሽ ከጀመርሽ ገና ስሙን ሳትጠሪ ሩቡ አለቀ። ሌላው፣ አንድ አፕ በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ መልእክት ሊልክ ሲል አንድሮይድ አስቁሞ ባለቤቱን ይጠይቃል። 83ቱን በአንዴ አትላኪ፤ በሦስትና በአራት ዙር ከፋፍይው።

የስሙ ነገር ለእኔ ከሁሉም በላይ ነው። ዳታቤዝሽ ላይ ለስም ሁለት ቦታ አድርጊ። አንደኛው ሰውየው ራሳቸው እንደሚጽፉት ይቀመጥ። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ ይሁን፣ ለማንም አይታይ። እዚያ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ለውጪ፤ ሰባቱንም ቤት። የ«ሀ» እና የ«አ» ቤት ላይ ደግሞ የመጀመሪያውና አራተኛው አንድ ድምፅ ስለሆኑ እነሱንም አንድ አድርጊ፤ «ኃ» እና «ሀ» የሚገናኙት በዚያ ነው። እናትሽ የጻፉትንም ሲፈልጉ በዚያው ወንፊት አሳልፊው።

ሐዋሳዊቷ

አሁን ሠራሁት። «ሀይለማርያም» ብዬ ጻፍኩ፣ ሦስት ሰው መጣ። አንዱ በ«ኃ»፣ አንዱ በ«ኀ»፣ አንዱ በ«ሀ»። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችና «የመሐሉ የሁለት ወር አለባቸው» አለች። መዝገቡን ገልጬ አመሳከርኩ። አለባቸው።